የእጅ ተራ

በሃያ ስምንት ዓመቴ ደሴ ፒያሳ ላይ የታክሲ ተራ አስከባሪ ነበርኩ። በስልሳ አንድ ዓመቴም ተራ አስከባሪ ነበርኩ። ልዩነቱ ያኔ የማሰልፈው ሚኒባስ ነበር፤ በኋላ ግን የታመሙ ሕፃናት ሆኑ። ሚኒባሶቹ ያለ ሹፌር መሄድ ሲለምዱ ያለ እኔም መሄድ ለመዱ፤ እኔም ሌላ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ።

ሆስፒታሉ ሲቀጥረኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «ሰው ሲጮህብህ መልሰህ ትጮሃለህ?» አሉኝ። «አልጮህም» አልኩ። ዋሽቼ ነበር፤ ግን ቀጠሩኝ።

ሥራው ቀላል ነው። በሕፃናት ድንገተኛ ክፍል በር ላይ እቆማለሁ። አንገቴ ላይ በገመድ የተሰካኩ ሃምሳ የነሐስ ቁጥሮች አንጠልጥያለሁ። የታመመ ልጅ ይዞ ለመጣ ሁሉ ከላይ ያለውን አውጥቼ እሰጣለሁ። ከአንድ እስከ አርባ ዘጠኝ የደረሰው ወደ ግራ ይሄዳል፤ አልጋው ያለው እዚያ ነው። አልጋው ምን እንደሆነ ለእናንተ ለወጣት ሐኪሞች መናገር አያስፈልገኝም፤ ሁላችሁም በልጅነታችሁ ተኝታችሁበታል። ልጁ ይተኛል፣ ጎኖቹ ከፍ ይላሉ፣ አልጋው ራሱ ያያል፣ ደም ይቀዳል፣ ይወጋል። አብዛኛው ልጅ አልቅሶ ሳይጨርስ ነገሩ አልፏል።

ሃምሳኛው ላይ ግን ቁጥር የለም። የተዘረጋ መዳፍ ተቀርጾበታል። እሱ የደረሰው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ እዚያ የሚጠብቀው ሰው ነው። የእጅ ተራ የምንለው ይህንን ነው።

በር ላይ የሚቆመው ሰው መሆን አለበት ይላል ሕጉ። በመጀመሪያው ዓመት ማሽን አቁመው ነበር አሉ። «ልጅዎ በሰው እጅ እንዲታከም ይፈቅዳሉ?» ብሎ በጥሩ አማርኛ ሲጠይቅ አንድም ወላጅ አልፈረመለትም። እኔ ስጠይቅ ከአሥር ሦስቱ ይፈርማሉ፤ ሰባቱ ይሰድቡኛል። እውነታቸውን ነው። አልጋው ከሺህ ልጅ የሚያጣው ሁለት ነው፤ እጅ የሚያጣው ሰባት። ወረቀቱ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ከማንም ደብቄ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ይኖራል ለሚለኝ ሰው ግድግዳውን አሳየዋለሁ። በሁለት ሺህ ሃምሳ አራት ክረምት አልጋዎቹ በሙሉ ለአሥራ አንድ ቀን ዝም አሉ። ለምን ዝም እንዳሉ እስከ ዛሬ የሚወራው ብዙ ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ ሃያ ሦስት ሐኪሞች ነበሩ፤ ሁሉም የተመረቁ፣ ሁሉም ስክሪን ማንበብ የሚችሉ። የሕፃን ደም ሥር በጣታቸው ፈልገው መርፌ ማስገባት የሚችሉት ግን አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ፕሮፌሰር ወይንሸት። እሳቸውም ጡረታ ወጥተው ቧንቧ ውሃ ሰፈር ቤታቸው አበባ ይኮተኩቱ ነበር። መኪና ልከው አመጧቸው። አሥራ አንዱን ቀን ወንበር ላይ እያሸለቡ ሠሩ። ያልደረሱላቸው የሠላሳ አንድ ልጆች ስም በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የእጅ ሕጉም የእናንተ ሥልጠናም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

ሥልጠናው ያኔም ሦስት ዓመት ነበር። በወረቀት የሕፃናት ድንገተኛ ሕክምና ፌሎውሺፕ ይባላል፤ ከተማው ግን ፌሎዎቹን «መዛኞቹ» ነበር የሚላቸው። ዘወትር ማክሰኞ መዋዕለ ሕፃናት ይሄዱና ልጆቹን አንድ በአንድ ብድግ እያደረጉ ኪሎ ይገምታሉ። «አሥራ አራት ከግማሽ!» «አይ፣ አሥራ ሦስት!» መምህሯ ልጁን ሚዛን ላይ ታወጣዋለች፤ የሳተው ፌሎ ከረሜላ ይከፍላል። ልጆቹ ገና ሲያዩዋቸው ለመክበድ ብለው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ስገባ ደግሞ የዚያ ጊዜዎቹ ሦስት ፌሎዎች ዓይናቸውን በጨርቅ አስረው አንዱ የሌላውን ክንድ ሲዳብስ አገኛቸዋለሁ፤ ደም ሥር ፍለጋ ነው። ያለ ሰዓት ትንፋሽ ይቆጥራሉ። የተቀዳ የሕፃን ለቅሶ እየሰሙ ይህ የረሃብ ነው፣ ይህ የሆድ ቁርጠት ነው፣ ይህ የጭንቅላት ነው ይላሉ። ምሳ ሰዓት ላይም ስለማይተዉት ካፍቴሪያው ውስጥ አጠገባቸው የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

ፕሮፌሰር ወይንሸት በሰማንያ ሁለት ዓመታቸው እያስተማሩ ነበር። ብዙ አይናገሩም። «ልጁን ከመንካትሽ በፊት ወለል ላይ ቁጭ በይ» ይላሉ። «ከዚያ ያመጣውን ሰው ጠይቂ። ደግመሽ ጠይቂ። አሁንም መልስ ካጣሽ፣ ሳትጠይቂው የቀረ ሰው ማን እንደሆነ አስቢ።» ይህንን እኔ እንኳ በር ላይ ቆሜ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።

ዶክተር ኑሃሚን ከሦስቱ ፌሎዎች መጨረሻ ላይ የቀረችው ናት። ለመመረቅ አርባ ልጅ በእጅ ማከም ግዴታ ነው። ሁለቱ ጓደኞቿ አርባው ሞልቶላቸው አንዱ ከሚሴ፣ አንዷ ወልዲያ ተመድበው ሄደዋል። እሷ ሠላሳ ዘጠኝ ላይ ቆማለች። የቀረችው ሰንፋ አይደለም። ወላጁ ለእኔ ፈርሞ ከገባ በኋላ ወለል ላይ ቁጭ ትልና «እርግጠኛ ነዎት?» ብላ እንደገና ትጠይቀዋለች። አንዳንዱ ያኔ ያስብና ልጁን ይዞ ይወጣል።

«ኧረ በፈጠረሽ፣ ከፈረመ በኋላ አትጠይቂ» እላታለሁ።

«ጋሽ ይመር፣ ሳያምንበት ከፈረመ እጄ ይንቀጠቀጣል» ትለኛለች።

ዓመቱ የሚዘጋው ጳጉሜ አምስት ነው። እስከዚያ አርባ ያልሞላላት ፌሎ ሦስቱ ዓመት ይሰረዝባታል። ልጅቷ ከቤተሰቧ ተለያይታ፣ ጠዋት ማታ ስትለፋ በዓይኔ አይቻለሁ። እንደ ልጄ ነበር የማያት፤ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በየቀኑ ዱዓ አደርግላት ነበር።

ጳጉሜ አራት ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አርባ ዘጠነኛውን ቁጥር ሰጠሁ። አንገቴ ላይ የቀረው መዳፉ ብቻ ነው። አዲሱ የቁጥር ገመድ ኪሴ ውስጥ አለ። ቀና ስል ከመንገዱ ማዶ ልጄ ረሕማ ስትሮጥ አየሁ። የታቀፈችው ነኢማን ነው፤ የልጅ ልጄን። ያኔ አራት ዓመቷ ነበር፤ አስም አለባት።

«አባዬ! ትንፋሽ አጠራት! ትንፋሽ አጠራት!» ትላለች ረሕማ።

ነኢማ በተነፈሰች ቁጥር የጎድን አጥንቶቿ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ከንፈሯ ጠቁሯል። ዓይኗን ወደ እኔ አዞረች እንጂ አላለቀሰችም፤ የምታለቅስበት ትንፋሽ አልነበራትም። እጄን ወደ አንገቴ ሰደድኩ። መዳፉን ነካሁት፤ እጄ እዚያው ቀረ።

ስድስት ዓመት ሙሉ እዚያ በር ላይ ቆሜ «ይፈቅዳሉ?» ብያለሁ። ለሌላ ሰው ልጅ ሲሆን አፌ ላይ ይቀለኛል። ለነኢማ አፌ አልከፈት አለ። እምቢ ማለት ይቻላል፤ ሰባቱ እምቢ ይሉ የለም? ግን እምቢ ከተባለ ቁጥሩ ወደ አንድ ይመለሳል። በቀን የሚመጣው ሃያ ልጅ ገደማ ነው። ሌላ መዳፍ እስኪወጣ ጳጉሜ አልቆ መስከረም ይጠባል፤ የኑሃሚንን ሦስት ዓመት ውሃ በላው ማለት ነው። ነኢማን ለአልጋው፣ ኑሃሚንን ለምረቃዋ። ሁለቱንም ፈለግኩ።

ያን ጊዜ ከረሕማ ኋላ አንድ ወጣት ሰው ደረሰ። ትከሻው ላይ የነኢማ እኩያ የምትሆን ልጅ ተሸክሟል። ልጅቷ ትስቃለች።

ቁጥር ሳይሰጡ ስለ ሕመም መጠየቅ ለተራ አስከባሪ ክልክል ነው። የሚጠይቅ ሰው መምረጡ አይቀርም፤ ደንቡን ያወጡት ይህን ስለሚያውቁ ነው። እኔ ግን ጠየቅኩ።

«ምን ሆና ነው?»

«ጥርሷን ነው ጋሼ።» ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሲያማት አደረ። እናቷ ለሥራ ኮምቦልቻ ናት፤ ብቻዬን ነኝ። ጎረቤታችን የአስተናግር ፍሬ ፍም ላይ ጨምርና አፏን አሳጥናት፣ ድሮ እንዲህ ነበር የሚደረገው አለችኝ። አጠንኳት። ጠዋት ዘወር ስል ደግሞ ከፍሬው ቅማለች መሰለኝ፤ አፏ አካባቢ አየሁ።» ክንዴን ያዘኝ። «አደራዎን ጋሼ። አልጋው ከሰማ መዝገቧ ላይ ያስገባዋል። የቤት መድኃኒት ሰጥተሃል ተብዬ አንዴ ተጽፎብኛል። ሁለተኛ ከተጻፈብኝ ወስደው ለአሳዳጊ ይሰጡብኛል።»

ደንቡ ያኔ እንዲያ ነበር። «አብሽር» አልኩት።

ልጅቷን አየኋት። ፊቷ ቀልቷል፤ ግን ትስቃለች፣ ትለፈልፋለች። ከአየር ላይ የማይታይ ነገር እየለቀመች ለአባቷ ታቀብለዋለች። «እንካ፣ ቢራቢሮ። ይቺንም እንካ» ትላለች። ትኩሳት የያዛት መሰለኝ። ነኢማ መሳቅ አትችልም ነበር። ሁለቱን ልጆች በዓይኔ መዘንኩና ፈረድኩ።

መዳፉን ለሰውየው ሰጠሁት። ኪሴ ውስጥ ካለው አዲሱ ገመድ ቁጥር አንድን አውጥቼ ረሕማን አስጨበጥኳት። ያደረግኩትን እንኳ አላየችም፤ ወደ ግራ ሮጠች።

ሰውየው ነሐሱን አገላብጦ አየው። ስሙ ደረሰ ነው፤ የነፋስ ተርባይን ይጠግናል፤ ልጁ ሜላት ትባላለች። ወረቀቱን ከእነ ሁለቱ፣ ከእነ ሰባቱ አነበብኩለት።

«የምታያት ሰው ናት?» አለኝ።

«ሰው ናት።»

«ያ ክፍል ይሰማል?»

ይሰማል። ከበሩ ወደ ውስጥ ያለው የሆስፒታሉ ግድግዳ ሁሉ ይሰማል፤ የማይሰማው እኛ የቆምንበት ደጅ ብቻ ነው። «እኔ እንጃ» አልኩት። ይሄኔ ፈረመ።

ዘጠኝ ደቂቃ ሳይሞላ ረሕማ ነኢማን ይዛ ወጣች። የልጅቷ ከንፈር ወደ መልኩ ተመልሷል። ጭማቂ አምጡልኝ ትላለች። አግዳሚው ላይ አጠገቤ አስቀመጥናትና ጭማቂዋን ሰጠናት። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከዚያ ወደ ቀኙ በር መስታወት ዞርኩ፤ መዞር አልነበረብኝም።

ኑሃሚን ወለል ላይ ቁጭ ብላለች። ሜላት አባቷ ጭን ላይ ናት። ፕሮፌሰር ወይንሸት ጥግ ላይ፣ ክንዳቸውን አጣምረው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። በእጅ ተራ ላይ መምህሯ እንድትናገር የተፈቀደላት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ተዪ»። ያቺ ቃል ከወጣች ልጁ ወደ አልጋው ይሄዳል።

በሩ ገርበብ ያለ ስለነበር ይሰማኛል። «አቶ ደረሰ፣ ዛሬ ወይም ትናንት ምን ሰጥተዋታል?» አለችው።

«ምንም።»

«ክኒን፣ ቅጠል፣ የሚጠጣ ነገር? የሚቆጣዎት የለም።»

ደረሰ ጣሪያውን አየ፤ ግድግዳውን አየ። «ምንም አልሰጠኋትም» አለ።

ኑሃሚን እጇን በልጅቷ ብብት አስገባች። እሳት ነው፤ ላብ ግን የለም። የዓይኗ ብሌን ዓይኗን ሊሞላው ደርሷል፤ መብራት ሲበራበት አይጠብም። ምላሷ ደርቋል። ኑሃሚን ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆጠረች። «መቶ ዘጠና» አለች ለራሷ። ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው። ደረሰ አንገቱን ደፋ።

ትንሽ ቆይቶ ሜላት መሳቋን አቆመች። አባቷን አየችውና ማን እንደሆነ ጠፋት። ገፈተረችው። ከዚያ መላ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ኑሃሚን ወለሉ ላይ በጎኗ አስተኛቻት። ክንዷን በጣቷ አንዴ ዳበሰች፣ ሳታይ መርፌውን አስገባች፣ መንዘፍዘፉን የሚያቆመውን መድኃኒት ሰጠቻት። ቆመላት። የልቧ ምት ግን አልወረደም። ከዚያ አጠገቧ ለነበረችው ነርስ አስይዛት ወደ እኔ ወጣች።

«ጋሽ ይመር።» ግንባሯ ላይ ላብ አለ። «መርዝ ይመስለኛል። ማርከሻው መርፌ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ግን ተሳስቼ ሌላ ነገር ከሆነ፣ ማርከሻው ራሱ ልቧን ሊያቆመው ይችላል። አባትየው ምንም አልሰጠሁም ይላል። እዚህ ቆሞ ሳለ ምን አለዎት?»

እስከዚያ ሳትጠይቀው የቀረ ሰው እኔ ነበርኩ።

የማውቀውን ካወቀች መቼ እንዳወቅኩት ታውቃለች። መቼ እንዳወቅኩት ካወቀች የማንን ተራ ለማን እንደሰጠሁ ይወጣል። ተራው ከተዛባ ደግሞ አርባኛዋ ልጅ አትቆጠርላትም። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ዓይኗን እያየሁ ነው።

«ምንም» አልኳት። «ቁጥር ሳልሰጥ ሰው እንደማላናግር ታውቂ የለ?»

አንዴ አየችኝ፣ ተመለሰች። በስልሳ አንድ ዓመት ዕድሜዬ እንደዚያች ቅጽበት ራሴን የጠላሁበት ጊዜ የለም።

«አባባ» አለችኝ ነኢማ ጭማቂዋን ከአፏ አውጥታ። «ያቺ የቢራቢሮዋ ልጅ የታለች?»

ትንፋሽ አጥሯት እናቷ እቅፍ ውስጥ ሆና፣ ሰምታት ኖሯል።

በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላስታውስም። «አስተናግር ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የአስተናግር ፍሬ ነው! ለጥርሷ ብሎ አጥኗታል፤ ከፍሬውም ቅማለች!»

ደረሰ ብድግ አለ። «ጋሼ! አደራ አልኩዎት እኮ! አደራ አልኩዎት!»

«ብለኸኛል። በላሁት» አልኩት።

ኑሃሚን መርፌውን አንስታ ነበር። እጇ አየር ላይ ቆመ። «መቼ ነው የነገረዎት?» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም።

«ቁጥር ሳልሰጠው። መዳፉ የነኢማ ነበር። ቀየርኩት።»

ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ መጣ። የዋህ ድምፅ ነው፤ ሁልጊዜም የዋህ ነው። «ተራው ተዛብቷል። የወላጅ ፈቃድ ተሰርዟል። ሕፃኗ ወደ አልጋ ትዛወራለች። ማዛወሪያው ስድስት ደቂቃ ይፈጃል» አለ። ከኮሪደሩ የጋሪ ጎማ ድምፅ ተሰማ።

ኑሃሚን ሳትጠይቅ ብትወጋት ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ እኔ ብሆን እወጋ ነበር። እሷ ግን መርፌውን እንደያዘች ደረሰ ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«አቶ ደረሰ፣ ያዳምጡኝ። አልጋው ከእኔ ይሻላል። ከሺህ ሁለት ነው የሚያጣው፤ እኛ ሰባት እናጣለን። ግን ስድስት ደቂቃ ይቀረዋል። ማርከሻው እኔ ዘንድ ነው፣ ምን እንደበላችም አሁን አውቄያለሁ። ልብ ላይ የሚያስፈራ መድኃኒት ነው። ተራ ተዛብቷል፣ ስለዚህ የሚያስገድድዎት የለም። እርስዎ ይምረጡ።»

ደረሰ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። መጀመሪያ ወደ ግድግዳው ዞረ። «አስተናግር ነው ያጠንኳት። እኔ ነኝ፣ አባቷ። ጻፈው» አለው። ከዚያ ወደ ኑሃሚን ዞረ። «አንቺው ያዢልኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

ያ አላህ! አሁንም ትጠይቃለች! ምላሴን ነከስኩ።

«እርግጠኛ ነኝ» አለ ደረሰ።

መድኃኒቱ የሚገባው በዝግታ ነው። በግራ እጇ ጣቶች የልጅቷን አንገት ይዛ፣ በቀኟ መርፌውን ገፋች፤ ጥቂት ገፋ ታደርግና ታቆማለች። ሰዓት አላየችም፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። «መቶ ሰባ» አለች። «መቶ አርባ።» «መቶ አሥር።» ከዚያ ዝም አለች። ደረሰ ዓይኑን ጨፈነ። ፕሮፌሰር ወይንሸት ያጣመሩትን ክንዳቸውን ፈቱ፤ አፋቸው ተከፈተ። «ተዪ» ሊሉ ነው አልኩ።

ኑሃሚን መርፌውን መግፋት አቁማ ነበር። ጣቶቿ የልጅቷ አንገት ላይ ናቸው። ጠበቀች። ፕሮፌሰሯም አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁ።

«ሰማንያ» አለች ኑሃሚን። «ዘጠና። ዘጠና አምስት።» ፕሮፌሰሯ አፋቸውን ዘጉ።

መጀመሪያ ያየሁት ላብ ነው። የሜላት ግንባር ላይ፣ ከጸጉሯ ሥር፣ ጠብ ጠብ ብሎ ወጣ። ጋሪው በሩ ላይ ደርሶ ቆመ፤ የሚጭነው ልጅ የለም። ሜላት ዓይኗን ገለጠች፣ ጣሪያውን አየች፣ «አባቢ» አለች። ከዚያ መዳፏን ወደ ፊቷ አቀረበች። ባዶ ነው። «ቢራቢሮዎቼስ?» አለችና እሪ ብላ አለቀሰች።

ፕሮፌሰር ወይንሸት ከወንበራቸው ሳይነሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። «ዶክተር ኑሃሚን። ይሄ ለቅሶ የምንድን ነው?»

«የደህና ልጅ ነው» አለች ኑሃሚን። እሷም እያለቀሰች ነበር።

ገመዱን ከአንገቴ አውጥቼ በዚያው ቀን አስረከብኩ። ሲያባርሩኝ አልተከራከርኩም። ኮሚቴ ተሰብስቦ አርባኛዋ ልጅ ትቆጠር አትቆጠር ብሎ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቀ። የእጅ ሕጉ ውስጥ «ወላጅ ያለ ተራው በራሱ ምርጫ ልጁን ለእጅ ከሰጠ» የሚል አንቀጽ አለ። ሕጉ ከወጣ ጀምሮ አንድም ሰው ተጠቅሞበት ስለማያውቅ ከኮሚቴው የሚያስታውሰው አልነበረም። ጽፈውት የነበሩት ፕሮፌሰር ወይንሸት አስታወሷቸው። ተቆጠረላት። ሁለተኛ የተጻፈበት ደረሰ የልጆች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ሲጠራ ደግሞ ኑሃሚንና ፕሮፌሰሯ አብረውት ሄዱ፤ ሜላት ከአባቷ ጋር ቀረች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለስንት መቶ ወላጅ ያንን ወረቀት አንብቤያለሁ። እጅን አውቆ የመረጠው ደረሰ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ የጠየቅኩት እኔ አይደለሁም።

እኔ ሁለት ዓመት ቤቴ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ዶክተር ኑሃሚን የሥልጠናው ኃላፊ ስትሆን ቤቴ ድረስ መጣች። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር አስቆመችኝ። «ጋሽ ይመር፣ እኔ ስጠይቅዎት የዋሹበትን መንገድ ለፌሎዎቼ ይንገሩልኝ» አለችኝ። «አባትየው ሲዋሽ አውቄበታለሁ። የእርስዎን ግን አላወቅኩም። የሚወዱት ሰው ሲዋሽ እንዴት እንደሚመስል እነሱም ይወቁት።»

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር ላይ፣ አዲስ ፌሎዎች በገቡ በመጀመሪያው ቀን፣ እመጣና ይህንን እናገራለሁ። ነገ ክንድ መዳበስ ትጀምራላችሁ፤ ማክሰኞ ልጆች ታነሣላችሁ። ዛሬ ግን ከእኔ ጋር ናችሁ።

አምና አንዷ ፌሎ እጇን አወጣች። «ጋሽ ይመር፣ ዛሬ ቢሆን ነኢማን ለእጅ ተራ ይሰጧት ነበር?» አለችኝ።

ነኢማ አሥር ዓመት ሆኗታል፤ አስሟ አልለቀቃትም። ዶክተር ኑሃሚን በሩ ጋ ቆማ ትሰማ ነበር፤ መልሱን የምትፈልገው እሷም ጭምር መሰለኝ። አሰብኩበት። እዚህ ክፍል ውስጥ ቆሞ መዋሸት አስነዋሪ ነው።

«እናንተን አምናችኋለሁ» አልኳቸው። «እኔን ግን በሩ ላይ መልሳችሁ አታቁሙኝ።»